ሬዲዮው የሚያሳየው ቁጥር ድንበሩ አይደለም

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጣርማበር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከዚህ ከፍታ የሚወጣ የ2 ሜትር ባንድ (ለአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለግል ፍላጎት በፈቃድ ለሚሠሩ ሬዲዮኞች ከተመደቡት የድግግሞሽ ወሰኖች አንዱ) ሞገድ፣ በ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ እንኳ፣ ከፊቱ ጋራ ካልቆመበት በጣም ሩቅ ይሄዳል። ደጋ ላይ ሆኖ ድንበር የገፋ ሰው የሚረብሸው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የባንድ ጠርዝን፣ ማለትም የተፈቀደው ድግግሞሽ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቁጥር፣ በቁም ነገር ያዝሁት።

የጀመርሁት ለአማተሮች የተመደቡትን ባንዶች ከሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ የሚገኘው በአብዛኛው የአሜሪካ ነው፤ እሱን ተከትሎ መሥራት ትልቁ ስሕተት ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ኢትዮጵያ ክልል 1፣ አሜሪካ ክልል 2 ናቸው። 80 ሜትር ባንድ ለኛ ከ3.500 እስከ 3.800 ሜጋኸርዝ ሲሆን ለነሱ እስከ 4.000 ይዘልቃል። 40 ሜትር ለኛ 7.200 ላይ፣ ለነሱ 7.300 ላይ ያልቃል። 2 ሜትር ለኛ 144–146፣ ለነሱ እስከ 148 ነው። 20 ሜትር ግን፣ 14.000–14.350፣ ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሠንጠረዡን የግርጌ ማስታወሻ ነው። 5.141 የሚለው ማስታወሻ ኢትዮጵያን በስም ጠርቶ ከ7.000 እስከ 7.050 ያለውን ለቋሚ አገልግሎት (በቋሚ ጣቢያዎች መካከል ለሚደረግ ግንኙነት) ይሰጣል። ስለዚህ የ40 ሜትርን የታች ጠርዝ 7.050 ብዬ ያዝሁ። ከሁሉም በላይ ግን የሚገዛው ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ባንድ፣ ኃይልና የስርጭት ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የሞገዱ ስፋት። በዩኤስቢና በኤልኤስቢ (ከተሸካሚው ሞገድ በላይ ወይም በታች ያለውን አንድ ጎን ብቻ በሚልኩት የድምፅ ስርጭት ዓይነቶች) ስናወራ ሬዲዮው የሚያሳየው የታፈነውን ተሸካሚ ሞገድ ቦታ ነው፤ ድምፁ ከዚያ ወዲያ ወይም ወዲህ 2.7 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል። እኔ 3 ብዬ አሰላለሁ። በዩኤስቢ 14.349 ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ ባንድ ውስጥ ቢሆንም ድምፁ 14.352 ይደርሳል። የኔ የመጨረሻ ቁጥር 14.346 ነው። በኤልኤስቢ ድምፁ ወደ ታች ስለሚወርድ 40 ሜትር ላይ ከ7.053 በታች አልወርድም፤ የክልል 1 የአማተሮች የባንድ ዕቅድም ለድምፅ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ቁጥር ይኸው ነው። ከላይ 7.199 ላይ አቆማለሁ፤ ልክ 7.200 ላይ ከሆነ፣ ታፍኖ የቀረው ትርፍራፊ ሞገድ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ስሌት ማይክራፎኑ ከልክ በላይ ከተከፈተ ከንቱ ነው። የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጥና ከ3 ኪሎኸርዝ አልፎ ይረጫል። ጮክ ባለ ድምፅ ላይ የኤኤልሲ (የማሰራጫውን ኃይል ከልክ እንዳያልፍ በራሱ የሚገታው ክፍል) መርፌ ትንሽ ብቻ እስኪነቃነቅ ድረስ መቀነስ ይበቃል።

ቁጥሩ ራሱ እውነት መሆኑንም መፈተሽ ያስፈልጋል። የሞስኮው የሰዓት ጣቢያ አር ደብሊው ኤም 9.996 ሜጋኸርዝ ላይ አለ፤ ሰዓት ሲሞላና ግማሽ ሲሆን ለጥቂት ደቂቃ ያልተቆራረጠ ሞገድ ይልካል። ሬዲዮውን ዩኤስቢ አድርጌ 9.995 ላይ ሳቆመው የሚሰማው ፉጨት ልክ 1,000 ኸርዝ መሆን አለበት። በስልክ የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ 1,010 ካነበበ ሬዲዮው ከሚያሳየው 10 ኸርዝ ዝቅ ብሏል፤ ከሚሊዮን 1 ያህል መሆኑ ነው። 14 ሜጋኸርዝ ላይ 14 ኸርዝ፣ 145 ላይ ደግሞ 145 ኸርዝ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ሬዲዮ ላይ ወዲያው መለካት አይረባም፤ ክሪስታሉ እስኪሞቅ ቁጥሩ ይንሸራተታል። 30 ደቂቃ ማቆየት ነው።

በእጅ ሬዲዮ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ይልካል፤ ሬዲዮው ቻለ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። በኤፍኤም ሰፊው ሁነታ 5 ኪሎኸርዝ የድግግሞሽ መወዛወዝና 3 ኪሎኸርዝ ድምፅ ሲደመሩ በየጎኑ 8 ይሆናል። 145.995 ላይ ያለ ሰው 146.003 ደረሰ ማለት ነው። ለነገሩ ከ145.806 በላይ ያለው በክልል 1 ዕቅድ ለሳተላይት የተተወ ስለሆነ ወደዚያ አልጠጋም። የሞገዱን ስፋት የሚመርጠውን ሜኑ 5ን ጠባብ አደረግሁ፤ 145.500ን ማኅደር ውስጥ አስገብቼ ቁልፎቹን ቆለፍሁ። ሬዲዮን በኮምፒውተር በሚያስተካክለው ቸርፕ ሶፍትዌር የማሰራጫውን ገደብ 144–146 ማድረግም ይቻላል። አንዳንዱ ሬዲዮ ግን ገደቡን ተቀብሎ መላኩን አያቆምም፤ ለመፈተሽ አንቴናውን ፈትቶ ዳሚ ሎድ (ሞገዱን አየር ላይ ሳይለቅ ኃይሉን የሚውጥ መሣሪያ) ማሰር የግድ ነው።