ፀሐይ በጀርባ፣ ፀሐይ በጎን፦ ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ

መስከረም 21 ቀን የማርያም በዓል በመሆኑ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ታክሲ ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን መስቀለኛ ባጣፉ እናቶች ተሞልቶ ነበር። እኔም ካሜራዬን በጋቢ ጠቅልዬ ከመካከላቸው ተቀመጥሁ። ሐሳቤ ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቼ በተራራው ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሜዳ እየወረድሁ ፎቶ ማንሳት ሲሆን፣ በመንገዴ ሁሉ ልፈትነው የፈለግሁት ግን የቆየ አንድ እምነቴን ነበር፤ የፎቶግራፍን ስልት ከሌንሱ ዋጋ ይልቅ የሚወስነው አንሺው ከፀሐይ አንጻር የሚቆምበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት እንጦጦ ማርያም ስምንት ማዕዘን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ይህ ቅርጿም የብርሃንን አቅጣጫ ለሚያጠና ሰው ከማንኛውም መማሪያ ይበልጣል። ፀሐይ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ብቅ ስትል አንደኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ ይበራል፤ ቀጥሎ ያለው ብርሃኑን ከጎን እየተቀበለ የግድግዳውን ሻካራነት ሁሉ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ በጥላ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሌንስ ሆኖ ሳለ፣ ከቅጽሩ ውጭ ጥቂት እርምጃ በተራመድሁ ቁጥር የማየው ፎቶ ሌላ ይሆን ነበር።

ከቅጽሩ ግንብ ተጠግተው የቆሙ አንዲት እናት ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ "እናቴ፣ አንድ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?" አልኋቸው። "አንሳኝ ልጄ፣ ለማርያም ብለህ አሳምረኝ" አሉኝ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ ማስማማት በአገራችን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ዘወትር የሚገጥመው ፈተና ነውና። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ነጠላው ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው "ብርሃኑ በዝቷል" ብሎ ምስሉን ያጨልመዋል፣ ፊትም አብሮ ይጠፋል፤ ጠይም ፊት ብቻውን ሲሞላው ደግሞ በተቃራኒው ከልክ በላይ ያነጣዋል። በቀጥታ ፀሐይ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ እናቲቱን ከግንቡ ጥላ ጠርዝ ገባ እንዲሉ ለመንኋቸው፤ ብርሃኑ ከክፍቱ ሰማይ በኩል በአንድ ጉንጫቸው ላይ ለስልሶ ይወርድ ጀመር። ከዚያም የነጠላው ጥለት ክሮች አንድ በአንድ እስኪለዩ ድረስ መጋለጡን፣ ማለትም ወደ ካሜራው የሚገባውን የብርሃን መጠን፣ አስተካከልሁ። ፎቶው በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ከተያዘ የጨለመን ፊት በኋላ ትንሽ ማብራት ይቻላል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለን ክር ግን ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም። በስልክ የሚያነሳ ሰውም በስክሪኑ ላይ ነጠላውን ነክቶ ብርሃኑን በጣቱ ዝቅ በማድረግ ይህንኑ ማግኘት ይችላል።

ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ገባሁ። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በምኒልክ ዘመን የማገዶን እጥረት ለማቃለል የተተከለ ነው፤ ለፎቶ አንሺ ግን ሌላ ጸጋ አለው። የበሰለው ዛፍ ቅጠል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስለሚያድግ የፀሐዩን ብርሃን እስከ መሬት ያሳልፋል፤ የማለዳው ጉም በሚኖርበት ጊዜም የውሃው ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ጨረሩ በግንዶቹ መካከል ተለይቶ ይታያል። ይህን ለማግኘት ፊትን ወደ ፀሐይ ማዞር፣ ፀሐይዋን ከአንድ ወፍራም ግንድ ኋላ መደበቅ፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 በሚባለው መካከለኛ ልክ ላይ ማድረግና ብርሃኑን ከጉሙ ላይ መለካት ያስፈልጋል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በዚህ ብርሃን ውስጥ ሲያልፉ ጥቁር ቅርጽ ብቻ አድርጎ ማንሳት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ያነሱታል። እኔ ግን ያን ያህል ሸክም የተሸከመን ሰው ፊት አልባ ማድረግ አልወድም። ሸክማቸውን አሳርፈው ከተቀመጡት ፈቃድ ጠይቄ፣ በጎን ብርሃን ዓይናቸው እንዲታይ አድርጌ አነሳሁ።

ሱሉልታ ስደርስ ጉሙ ተገፍፎ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። እዚህ ፀሐይን በጀርባዬ አደረግሁ። የሚነሳውን ነገር እንዲህ ከፊቱ የሚመታ ብርሃን ጥላን ስለሚያጠፋ ጥልቀትን ይቀንሳል እየተባለ ይነቀፋል፤ ቀለምን ለሚፈልግ ሰው ግን የሚሻለው የለም። በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ በሥራዎቿ ቀይን፣ ሰማያዊንና ቢጫን እንዴት በንጹሕ ገጽ እንደምታጋጥማቸው ያየ ሰው፣ ጥላ ማጣት ራሱ የታሰበበት ስልት ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። እኔም በደረቴ ተኝቼ ሌንሱን ከአበባው እኩል አወረድሁና ቢጫውን ከሰማዩ ጋር ብቻ አገናኘሁ። እግረ መንገዴን ልበል፤ ሰማይን የሚያጠቁረው የፖላራይዘር ማጣሪያ በደንብ የሚሠራው ፀሐይ በትከሻ በኩል ስትሆን በመሆኑ፣ ፀሐይ በጀርባ ስትሆን ለሰማዩ ብዙም አይጠቅምም።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዚህ ወቅት የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል፣ ዓይንም በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። ይህ ለሰው ፊት የማይመች ብርሃን ለእንቅስቃሴ ይሆናል ብዬ ወደ መንገዱ ወጣሁ፤ ጋሪ የሚነዳ አንድ ወጣትም ደጋግሞ እንዲያልፍልኝ ተስማማ። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ ኤፍ 16 የተባለው ጠባብ ቀዳዳ የሚጠይቀው የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/100 ሰከንድ አካባቢ ነው። የፈረሱ ገላ ጠርቶ ዳራው ግን በእንቅስቃሴ እንዲደበዝዝ ወደ 1/25 ሰከንድ መውረድ ስለነበረብኝ፣ ብርሃኑን ወደ ሩብ የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ገጠምሁ። እግሬን ጋሪው በሚደርስበት ቦታ አቅጣጫ ተክዬ ከወገቤ ብቻ እየዞርሁ፣ ፈረሱ ከመድረሱ በፊት መከተል ጀምሬ ካለፈም በኋላ ካሜራውን ሳላቆም አነሳሁ።

ወጣቱ ፎቶውን ካየ በኋላ "ወንድሜ፣ ፈረሴ ቆሞም አንሳው" አለኝ። ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ጥላ ጠርዝ እንዲያስጠጋው ነገርሁት፤ ከመንገዱ አቧራ ላይ የሚነጥረው ብርሃን ከታች እየመጣ የፈረሱን ዓይንና የአፍንጫውን ጠጉር አጉልቶ አወጣው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ስለሚያሳንሰው፣ ጠጉሩ እንዳይደበዝዝ ሁለቱንም ምስሎች እንደ ፋይል አድርጌ እዚያው ላክሁለት።