«ለምን ዝም ብለው አይመለሱም?» አንድ የስታር ትሬክ ክፍል ሳይ የያዝኩት ማስታወሻ

ሳይንስ ፊክሽን ሳይ የታሪኩን አካሄድ እየመረመርኩ ማየት ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ። ለትችት ብዬ አይደለም። እኔም አጫጭር ታሪኮች ስለምሞካክር፣ ሌላው ጸሐፊ ነገሩን እንዴት አድርጎ እንደቋጠረው ከውስጥ ማየት እፈልጋለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ላይ ያለውን «ኮዝ ኤንድ ኢፌክት» የተባለውን ክፍል ነው። የ5ኛው ሲዝን 18ኛ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1992 የታየ። የጻፈው ብራነን ብራጋ ነው፤ ዳይሬክት ያደረገው ደግሞ ድራማው ውስጥ ኮማንደር ራይከርን የሚጫወተው ጆናታን ፍሬክስ ራሱ። ያላያችሁት ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ፣ ምክንያቱም መጨረሻውን ሳይቀር እናገራለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ገና የመግቢያው ሙዚቃ ሳይሰማ ኢንተርፕራይዝ የምትባለው መንኮራኩር ትፈነዳለች። ካፒቴን ፒካርድ ሁሉም ለቆ እንዲወጣ ያዛል፣ ግን ማንም ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ስንመለስ አራት ሰዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ጠረጴዛ ከበው ፖከር ይጫወታሉ። ዳታ የሚባለው ሰው መሰሉ ሮቦት ካርታ ያድላል። ማታው ያልፋል፣ ይነጋል፣ ከጠፈሩ ስንጥቅ ውስጥ ሌላ መንኮራኩር ድንገት ብቅ ትላለች፣ ይጋጫሉ፣ ይፈነዳሉ። ከዚያ እንደገና ፖከር። እንደገና ፍንዳታ።

አሠራሬን ልንገራችሁ። ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። «ለምን?» የሚል ጥያቄ በመጣብኝ ቁጥር ቪዲዮውን አቁሜ እጽፈዋለሁ፣ ከጎኑም ደቂቃውን። መልሱ ሲመጣ የመጣበትን ደቂቃ እመዘግባለሁ። አንዱ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ምን ያህል እንደቆየ የሚታየኝ ያኔ ነው። ሰሞኑን የጨመርኩት ነገር ቢኖር ጥያቄዎቹን ለሁለት መክፈል ነው። አንዳንዶቹ ስለ ዓለሙ ሕግ ናቸው፦ ይህ ነገር እንዴት ይሠራል? ሌሎቹ ስለ ሰዎቹ ውሳኔ ናቸው፦ ይህን እያወቁ ለምን ያንን አደረጉ? ይህ ክፍፍል ብዙ ነገር አጥርቶልኛል። አንድ ታሪክ የዓለሙን ሕግ ግማሽ በግማሽ አስረድቶ ቢያልፍ አይከፋኝም፣ ሰዎቹ ሞኝ የሚሆኑት ታሪኩ እንዲቀጥል ብቻ ከሆነ ግን ወዲያው እወጣለሁ።

ደብተሬ ላይ ትልቁ ጥያቄ የውሳኔ ጥያቄ ነበር። ሠራተኞቹ የሆነ ጊዜ ላይ በአንድ ዙር ውስጥ እየተሽከረከሩ መሆናቸውን ይደርሱበታል። ግጭት እንደሚመጣም ያውቃሉ። ታዲያ ለምን መንገድ ቀይረው አይሄዱም? ማንም ተመልካች የሚጠይቀው ይህን ነው፣ እኔም በትልቁ ጻፍኩት። ብዙም ሳልቆይ ስብሰባው ላይ ይኸው ሐሳብ ተነሳ፦ ወደ ኋላ እንመለስ። መልሱም እዚያው መጣ። ወደ ግጭቱ የሚወስዳቸው ያ መመለስ ራሱ ቢሆንስ? ባለፉት ዙሮች ምን እንደወሰኑ አያስታውሱም። ቀጥ ብለው ሄደው ይሁን ዞረው የተጋጩት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፒካርድ የምንቀይርበት ምክንያት እስክናገኝ በያዝነው መንገድ እንቀጥላለን ይላል።

ይህን ቦታ ደጋግሜ አየሁት። ጸሐፊው ሰዎቹን በግድ ወደ ፍንዳታው ሊገፋቸው ይችል ነበር፣ ለምሳሌ ሞተሩ ተበላሽቷል፣ መሪው አይሠራም ምናምን ብሎ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየድራማው አለ። እዚህ ግን በሩ ክፍት ነው፣ መንኮራኩሯም ደህና ናት፣ የሚያግዳቸው የገዛ ዕውቀታቸው ጉድለት ነው። በዚያ ላይ ጥያቄውን የሚያነሳው ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ስለሆነ እኔ ከነሱ ቀድሜ የማውቀው ነገር የለም፣ አብሬያቸው ነኝ።

የዓለሙን ሕግ በተመለከተ ደግሞ ትዝታው እንዴት እንደሚሻገር መጠየቄ አልቀረም። ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ከተመለሰ ትዝታውስ ለምን አይሰረዝም? ክፍሉ የሚሰጠው ማብራሪያ ፍንዳታው የጊዜን ቅደም ተከተል ስለሚቀድደው ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ማሚቶ ያልፋል የሚል ነው። ሳይንሱን እንተወው፣ የቃላት ጋጋታ ነው። ደስ ያለኝ ሕጉ በማብራሪያ ከመነገሩ በፊት በዕቃ መታየቱ ነው። ዶክተር ክራሸር ማታ ክፍሏ ውስጥ አበቦቿን ትከረክማለች፣ ትተኛለች፣ በጨለማው ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ትሰማለች፣ ደንግጣ ስትነሳ የመጠጥ ብርጭቆዋ ይወድቅና ይሰበራል። በሌላ ዙር ያ ብርጭቆ እንደሚሰበር ስለሚሰማት አንስታ ሌላ ቦታ ታስቀምጠዋለች። ድምፁ ሲመጣ ግን በጥድፊያዋ እዚያም ገፍታ ትሰብረዋለች። በዚህች አንድ ብርጭቆ ሁለት ነገር ገባኝ፦ ትንሽ መቀየር ይቻላል፣ ትንሽ መቀየር ግን አይበቃም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደሚያስፈልግ ማንም ሳያስረዳኝ አውቄው ነበር።

ሌላው የካርታው ነገር ነው። በየዙሩ ያው ካርታ ይመጣል፣ እንዲያውም ክራሸር ዳታ ሳይገልጣቸው ቀጥሎ የሚመጡትን ትናገራለች። «የተበወዘ ካርታ እንዴት ያው ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩና መልሱን ራሴ ደረስኩበት፣ የሚበውዘው ማሽን ነው። ጣቱ አይንቀጠቀጥም፣ ስሜቱ አይለዋወጥም። መነሻው አንድ ከሆነ መድረሻውም አንድ ነው። በኋላ ግን ካርታውን የሚያድለው ዳታ መሆኑ ለሌላም ነገር እንደሚያስፈልግ ታየ፣ ጸሐፊውን ያደነቅኩትም እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻው አካባቢ ሠራተኞቹ ለቀጣዩ ዙር አጭር መልእክት ማሻገር የሚችሉበት ዘዴ ያገኛሉ። ተቀባዩ የዳታ አንጎል ነው። መልእክቱ እንዳለው ግን ዳታ ራሱ አያውቅም፣ ሳያስበው ከእጁ ይወጣል እንጂ። ቀጣዩ ዙር ሲጀምር ያደላቸው ካርታዎች በሙሉ 3 ቁጥር ሆነው ይወጣሉ። በመሣሪያዎቹ ላይም 3 መብዛት ይጀምራል። 3 ምንድን ነው?

ግጭቱ ሊደርስ ሲል ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። ዳታ በጎታች ጨረር የምትመጣዋን መንኮራኩር ገፋ እናድርጋት ይላል። ራይከር ደግሞ የትንንሾቹን መንኮራኩሮች ማቆሚያ ከፍተን አየሩን ብናስወጣው ግፊቱ ወደ ጎን ይወስደናል ይላል። ፒካርድ የዳታን ይመርጣል፣ ይፈነዳሉ። በመጨረሻው ዙር ግን ዳታ ዓይኑ ራይከር አንገትጌ ላይ ያሉት ሦስት የማዕረግ ነጥቦች ላይ ያርፋል። የራሱን ሐሳብ ትቶ ማቆሚያውን ይከፍተዋል። ሳይጋጩ ለጥቂት ይተላለፋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅሬታ ያነሳል፦ ይህን ያህል ከባድ እንቆቅልሽ ከመላክ ለምን በግልጽ አይልክም? እኔም ጽፌው ነበር። ካሰብኩበት በኋላ ግን ዳታ የሚፈልገው ነገር በጣም ትንሽ መሆኑ ታየኝ። ያ ቅጽበት ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለት ሐሳቦች ብቻ ናቸው፣ የእሱና የራይከር። የመጀመሪያው እንዳልሠራ ሊሞት ሲል አይቷል። መልእክቱ መለየት ያለበት «የኔ ወይስ የሱ?» የሚለውን ብቻ ነው። በኮማንድ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሙሉ ነጥብ ያለው ራይከር ነው። ፒካርድ አራት አለው፣ ዳታ ሁለት ሙሉና አንድ ባዶ። ስለዚህ ቁጥሩ ስም ነው ማለት ይቻላል። ጸሐፊው ሁለት ሐሳብ ብቻ እንዲቀርብ ያደረገውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሦስተኛ ሐሳብ ቢኖር ኖሮ 3 ሌላ ትርጉም ይይዝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አቀራረጹ። ተደጋጋሚዎቹን ትዕይንቶች ፍሬክስ አንድ ጊዜ ቀርጾ አልደጋገማቸውም። በሌላ አቅጣጫ እንደገና ቀርጿቸዋል። ያው ፖከር ነው፣ ግን ካሜራው ሌላ ቦታ ነው። ያው መሆኑን እያወቅኩ ያልሰለቸኝ በዚህ ነው። ስታዩ ካሜራው በየዙሩ ማን ፊት ላይ እንደሚቆይ ልብ በሉ።

በመጨረሻ ሰዓቱን ሲያስተካክሉ በዙሩ ውስጥ 17.4 ቀን እንደቆዩ ያውቃሉ። ይቺን ቁጥር ደብተሬ ላይ አሰመርኩባት። አንዱ ዙር ከማታው ፖከር እስከ ማግስቱ ፍንዳታ ከሆነ እኛ ያየናቸው ዙሮች በጣም ጥቂቶቹ ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያ ነው ብዬ ያየሁት ዙር የመጀመሪያ ላይሆን ይችላል። ትዝታቸው እየጠነከረ የመጣውም ማሚቶው በላይ በላዩ ስለተከመረ ይሆናል ብዬ አነበብኩት።

ያልተዘጋ ነገር አለ። ከስንጥቁ የምትወጣዋ መንኮራኩር ቦዝማን ትባላለች። ካፒቴኗ ቤትሰን (ኬልሲ ግራመር ነው የሚጫወተው) ዓመቱ 2278 ይመስለዋል። ለኢንተርፕራይዝ ግን 2368 ነው። 90 ዓመት። ይህን 90 ዓመት ያመጣው የኢንተርፕራይዝ ግጭት ሊሆን አይችልም፣ እሱ 17.4 ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ቦዝማን በራሷ ዙር ውስጥ ነበረች ወይስ በአንድ ዝላይ ነው የመጣችው? ክፍሉ አይነግረንም፤ ፒካርድ ሰውየውን ወደ መንኮራኩሩ ይጋብዘዋል፣ ያልቃል። ይህ ክፍተት ነው፣ አልክደውም። ግን የዓለም ሕግ ክፍተት ነው። የማንም ውሳኔ በሱ ላይ ስላልቆመ ታሪኩን አያፈርሰውም።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ራሴ ጽሑፍ ተመለስኩ። አንድ ሰው ከነገ ስልክ የሚደወልለት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ያነበበልኝ ጓደኛዬ «ለምን ስልኩን አይዘጋውም?» ብሎኝ ነበር። አሁን እህቱ ይህንኑ እንድትጠይቀው አደረግኩ፦ «ዝጋው በቃ!» ሰውየው መዝጋቱም በተነገረው ነገር ውስጥ ይኑር አይኑር ስለማያውቅ ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ይቀራል። ሁለት መስመር ብቻ ነው የጨመርኩት፣ ትዕይንቱ ግን ቆመልኝ።

ቀጥሎ የማየው የ«ባትልስታር ጋላክቲካ»ን «33» የተባለ ክፍል ነው፤ ጠላት በየ33 ደቂቃው የሚመጣበት፣ ሰዎቹም ለቀናት እንቅልፍ ያጡበት። እዚያ ደግሞ የውሳኔ ጥያቄው በጣም ከባድ ነው። አብራችሁኝ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ «ለምን?» ያላችሁበትን ደቂቃ ጻፉልኝ፣ ከኔ ጋር አመሳክረዋለሁ። ስለ ቦዝማን 90 ዓመትም ሐሳብ ያላችሁ ንገሩኝ።