ዝቋላን ሜሪላንድ ላይ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የደረስኩት በታኅሣሥ ነው። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከቢሾፍቱ ይዤው የሄድኩት ጃኬት ገና አየር ማረፊያው በር ላይ እጁን ሰጠ። እህቴ በማግስቱ «ተነስ፣ ትሪፍት እንሂድና ኮት እንፈልግልህ» አለችኝ።

ትሪፍት ማለት የእነሱ ልባሽ ተራ ነው፤ ልዩነቱ ጣሪያና ማሞቂያ አለው። ሰው በነፃ የሰጠውን ልብስ፣ ድስት፣ ሶፋ ይሸጡበታል። ዕቃው ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፋል፤ የሳምንቱ ተረኛ ቀለም ያለበት በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። የዚያን ሳምንት ተረኛው ሰማያዊ ነበር። እህቴ ሰማያዊ ፍለጋ ኮቶቹን ስታገላብጥ፣ እኔ መቆሙ ሰለቸኝና ወደ ጓሮው ክፍል ዘለቅኩ።

መጻሕፍቱ ከድስቶቹ ጎን ናቸው። የወጥ አሠራር፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የፍቅር ልብ ወለድ፣ የኮምፒውተር መማሪያ፣ ሁሉም እንደ ወረደ። የእኛ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ቢያዩት ያፍሩ ነበር። እነሱ ቢያንስ የቱ ከየቱ ሥር እንዳለ በቃላቸው ያውቃሉ (ዋጋውን ፊትህን አይተው መቁረጣቸው ሌላ ጉዳይ ነው)።

ቁጢጥ ብዬ የታችኛውን መደርደሪያ ስበረብር ብርቱካናማ ጀርባ ያለው ቀጭን መጽሐፍ አየሁ። ሄይንማን የተባለው አሳታሚ ያወጣው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ። ሳወጣው ዳኛቸው ወርቁ ይላል! እንደ ፈረንጅ በ1973 የታተመው «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»። የዳኛቸውን «አደፍርስ» ተማሪ ሳለሁ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ጥየዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። የታመሙ ፊታውራሪ ፈውስ ፍለጋ ልጆቻቸውን አስከትለው ዝቋላ ይወጣሉ። ዝቋላ! ከደጃችን ሆኜ የማየው ተራራ፤ እናቴ መጋቢት 5 ለአቦ የምትሳለመው፤ እኔም አንዴ አብሬያት ወጥቼ አናቱ ላይ ካለው ሐይቅ ዳር እግሬን ዘርግቼ ዳቦ የበላሁበት።

ገጽ ስገልጥ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ፊደል አገኘሁ። «ዝቃላ» ተብሎ ተሰርዟል፤ ከሥሩ ደግሞ «ዝቋላ»። «ቋ» እግሯ ተንጋዶ፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ የጻፋት ትመስላለች። የሰላም ጓድ መምህር ይሆን? እንደ ፈረንጅ ከ1962 ጀምሮ ስንቱ አሜሪካዊ ወጣት እኛ ዘንድ መጥቶ አስተምሯል። ስም ፈለግኩ፤ የለም። የመጀመሪያዋ ገጽ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ኮት ልትገዛ መጥተህ!» እህቴ ጥቁር ኮት አንጠልጥላ በላዬ ቆማለች።

መጽሐፉ ላይ ያለው ወረቀት ቢጫ ስለነበር ቅናሽ የለውም። አንድ ዶላር፤ ከሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ጋር አንድ ዶላር ከ6 ሳንቲም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሽፋኑን እንኳ ሳታይ ከረጢት ውስጥ ወረወረችው።

ልመለስ ስል እህቴ ሻንጣዬን መዘነች፤ ከተፈቀደው 23 ኪሎ አልፏል። «አንድ ነገር አውጣ» አለች፣ ዓይኗ መጽሐፉ ላይ። ኮቱን አወጣሁላት።