ከባሕር ሳይወጣ የተሸጠ ዓሣ

በጅቡቲ ከተማ በምሠራበት ሆቴል አዲስ ሥራ አስኪያጅ የተሾመው ከአዲስ አበባ መጥቶ ነው። ዕድሜው ከእኔ ያነሰ፣ ቁጥር የሚወድ ሰው። ጅቡቲንም የወደዳት በቁጥር ይመስለኛል። ፍራንኳ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተብሎ እዚያው ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል፤ በብር ምንዛሪ ዕቅዱ ሲፈርስበት ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የመጀመሪያ ትእዛዙ ለአቅራቢዎች ሁሉ ክፍያ የሚፈጸመው ከስድሳ ቀን በኋላ ይሁን የሚል ነበር። «ገንዘቡ እኛ ጋ ይደር» አለ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደስ አላት፤ የተቃወመም አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአቅራቢዎችን ፋይል አስወጥቶ ሲያገላብጥ ዓይኑ ዓሣው ላይ አረፈ። ሒሳቡ አብጧል። ዓሣ የሚያቀርቡልን ሐጂ ናቸው፤ ዘራቸው ከየመን ቢሆንም ጅቡቲ ተወልደው ጅቡቲ ያረጁ ነጋዴ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካሉት ከታጁራና ከኦቦክ ከተሞች የሚመጣውን ዓሣ ሌሊት ተረክበው ማለዳ የወጥ ቤታችን በር ላይ ያደርሱታል። ሼፋችን ትመርጣለች፣ እኔ መዝኜ እረከባለሁ፣ ፈርመን እንለያያለን። ሥራ አስኪያጁ ግን ከአንድ የታጁራ ሰው ጠይቆ ዲራክ የሚባለው ዓሣ እዚያ ባሕሩ ዳር በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ሰምቷል።

«በመሐል ያሉትን ሰውዬ ማውጣት ነው» አለ። «ነገ ሌሊት እንሄዳለን። ራሴ እገዛለሁ።»

ጊዜው ጥር ነበር። ቱሪስቱ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ከሚባለው ግዙፍ ዓሣ ጋር ልዋኝ ብሎ የሚጎርፍበት፣ ክፍሎቻችን የሚሞሉበት፣ ዓሣም በብዛት የሚበላበት ወቅት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሆቴሉ ፒክአፕ ተነሣን። ከኋላ ባዶ የማቀዝቀዣ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ከፊት ሾፌራችን፣ የታጁራ ተወላጅ የሆነ አፋር፤ ከጎኑ ሥራ አስኪያጁ፤ ከኋላ ወንበር እኔና ሼፏ። ሼፏ ባሕር ዳር ከተማ ተወልዳ በቆሮሶና በአምባዛ ያደገች ሴት ናት። ስለ ዓሣ ስትናገር ቀልድ አታውቅም።

በባሕር ቢሄዱ ታጁራ ከጅቡቲ ማዶ ለማዶ የሚተያይ ያህል ነው። በየብስ ግን ባሕረ ሰላጤውን መዞር ግድ ይላል። መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከሚጓዙት የጭነት መኪኖች ጋር እየተጋፉ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማቋረጥ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ወዳለው አሳል ሐይቅ የሚያስገባውን መገንጠያ ስናልፍ ገና ጨለማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መንገዱን ሙሉ በስልኩ ላይ ሲያሰላ ነጋለት።

ታጁራ የደረስነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ትንሽ ከተማ ናት። ከኋላዋ የጎዳ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር፣ በመሐል ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች። በ2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ ወደብ ለትልልቅ መርከቦች የተሠራ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን የሚያርፉት በቀድሞው ቦታቸው ነው። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሞተራቸውን እያጠፉ አሸዋው ላይ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ጀልባ ወገብ ላይ ትልቅ ሳጥን አለ። ክዳኑ ሲነሣ የተከሰከሰ በረዶ፣ ከበረዶው ውስጥም ብር የመሰለ የዲራክ ጅራት ብቅ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቀለለና ወደ መጀመሪያው ጀልባ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ወደድኩት፤ ብዙ አለቃ ይህን ሥራ ከቢሮው ሆኖ ያዛል እንጂ እግሩን ውኃ አያስነካም።

ዋጋ ጠየቀ። ሾፌሩ በአፋርኛ አስተረጎመ። ዓሣ አጥማጁ ፈገግ ብሎ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ።

«ባለቤት አለው ይላል።»

«ባለቤቱ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ያጠመደው እሱ ነው» አለ ሾፌሩ፣ «ባለቤቱ ሌላ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ዋጋ ጨመረ። ሐጂ ከሚከፍሉት በላይ መሆኑን እያወቀ ጨመረ። ሰውየው ከፈገግታው ሳይወጣ ዓሣውን እያነሣ ሰማያዊ ቀለም ወደተቀባ ሳጥን ማስገባቱን ቀጠለ። ያ ሰማያዊ ሳጥን በየማለዳው ወጥ ቤታችን በር ላይ የማየው ሳጥን ነው። ሁለተኛው ጀልባ ያው፣ ሦስተኛውም ያው። አራተኛው ጭራሽ ዋጋውን ሰምቶ ሳቀና ለጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛውም ሳቀ።

ከባሕሩ ዳርቻ ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ትንሽ የእንጨት ጀልባቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። የሚሸጥ አላቸው፤ ሌሊቱን በመንጠቆ የያዙት ቱናና ሁለት ዲራክ። ዋጋቸውም እርካሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቦርሳውን ሲያወጣ ሼፏ ቀድማው ጎንበስ አለችና ዓሣው ላይ የተጣለውን እርጥብ ጆንያ ገለጠች። በረዶ የለም። አውራ ጣቷን የቱናው ጎን ላይ ተጫነች፤ ጣቷ ከተነሣ በኋላ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። የስንጥቡን ክዳን ከፍታ አሳየችን፤ ደም መምሰል የነበረበት ቡና አተላ መስሏል።

«ይህን አልረከብም።»

«ዛሬ ሌሊት የተያዘ ነው እኮ!»

«የተያዘበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከተያዘ በኋላ የት አደረ ነው ጥያቄው። ቱናና ዲራክ ሙቀት ላይ ሲቆዩ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ይፈጥራሉ። እንግዳው በልቶ ሳይነሣ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል።»

«በደንብ ይጠበሳላ! ሎሚውም በርበሬውም አለ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጥበስ አያጠፋውም። ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። አንዴ ከተፈጠረ ተፈጠረ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሽታም መልክም አይለወጥም፤ የዛሬው እንኳ ራሱን አጋልጧል።»

ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌውን አየ፣ እሷን አየ፣ ቦርሳውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው አልተቀየሙም። በረዶ የሚሰጣቸው እንደሌለ፣ ዓሣቸውንም የሰፈር ሰው ለምሳ እንደሚወስደው በሾፌሩ በኩል ነገሩን። በማንም ነጋዴ የዱቤ መጽሐፍ ውስጥ የሉም፤ በዚህም ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር።

ሻይ ቤት ገባን። ልሖሕ የሚሉት እንጀራ መሰል ቂጣና በወተት የፈላ ሻይ ቀረበ። ሾፌሩ ከዓሣ አጥማጆቹ መካከል የአክስቱ ልጅ የሆነውን ጠርቶ አብሮን አስቀመጠውና ነገሩ ያን ጊዜ ተፈታ። በረዶው በየምሽቱ ከጅቡቲ ከተማ በሐጂ መኪና ይመጣል። ቤንዚኑም አብሮ ይመጣል። ሰውየው ያለ በረዶና ያለ ቤንዚን ጀልባውን ከአሸዋው ላይ አያነሣም፤ ስለዚህ ዓሣው የሚሸጠው ማታ ነው፣ ገና ባሕር ውስጥ እየዋኘ ሳለ። ባለፈው ዓመት ሞተሩ ሲቃጠል የተካለት ማን ነው? ሐጂ። ልጁ ታሞ ከተማ ሲገባ? እንደዚሁ። በክረምት ኸምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ ሁሉ አሸዋ ላይ ሲውል ሩዝና ዱቄት የሚልኩትም እሳቸው ናቸው።

«ወለዱ ስንት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሾፌሩ ለመተርጎም እንኳ አፈረ። «ወለድ ሐራም ነው» አለ በራሱ፤ ትንሽ ቆይቶም «ዋጋው ውስጥ ነው» ሲል ጨመረበት።

ሐጂ መልአክ እንዳልሆኑ የነገረን ይኸው የአክስት ልጅ ነው። ሚዛናቸው ሁልጊዜ ወደ እሳቸው ያጋድላል፤ ትንንሹን ዓሣ ይጥሉታል፤ ዕዳውም እንደ ልቡ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም። «ታዲያ ለምን ለእኛ አትሸጥም?» ሲባል የመለሰው መልስ ጠረጴዛው ላይ ዝምታ ጣለ። «እናንተ ነገ ማታ በረዶ ይዛችሁ ትመጣላችሁ?»

ታጁራ ላይ ነጋዴን የሚያሰናክለው የዕቃ ዋጋ ሳይሆን ከዕቃው ጋር የተጣበቀው ዕዳ መሆኑ የቆየ ታሪክ ነው። ወደ ሸዋ ይወጣ የነበረው የቅፍለት መንገድ መነሻ ይህች ከተማ ነበረች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ እዚህ ወርዶ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ። ራምቦ ብቻውን ተጉዞ ሸዋ ሲደርስ የሟቹ አበዳሪዎች ተሰልፈው ጠበቁት፤ ምኒልክም ከጠመንጃው ዋጋ ላይ የሸሪኩን ዕዳ ቀነሱበት። ይህን ለሥራ አስኪያጁ በመንገድ ላይ አጫወትኩት። አልሳቀም።

ባዶ ሳጥኖቻችንን እያንቋቋን ከሰዓት በኋላ ከተማ ስንገባ «ሆቴል አትሂድ፣ ወደ ሐጂ ውሰደን» አለ ሾፌሩን። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ሽርጣቸውን አገልድመው ከምድጃ የወጣ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጋገረ ዓሣ በሰፊ ቂጣ እየበሉ ነበር። ታጁራ መሄዳችንን ከእኛ ቀድመው ሰምተዋል። «ብሉ» አሉን፤ በላን። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ጠየቀ፣ በአክብሮት።

ሁለት ደብተር አወጡ። አንደኛው የባሕሩ ነው፤ ዛሬ ማታ የሚሰጡት በረዶና ቤንዚን የተጻፈበት። ሁለተኛው የሆቴሎች ነው። «ለባሕሩ የምከፍለው ዓሣው ሳይያዝ ነው» አሉ። «አንተ የምትከፍለኝ ዓሣው ከተበላ ከስድሳ ቀን በኋላ። በዚህ መሐል ያለውን ገንዘብ እኔም ከሰው ነው የማመጣው፤ ሰው ደግሞ በነጻ አይሰጠኝም።» ጣታቸውን በሆቴሎቹ ደብተር ላይ ወደ ታች አወረዱና ዋጋው የተለወጠበትን ቀን አሳዩን። እኔ ቀኑን አውቀዋለሁ፤ የስድሳ ቀኑ ደብዳቤ ለአቅራቢዎች የደረሰበት ወር ነው። ደብዳቤውን በእጄ ያደልኩትም እኔ ነኝ፣ የፈረመው እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ትክ ብሎ አየና ስልኩን አወጣ። እዚያው ቂጣው ፍርፋሪ ላይ ተደግፎ ሲያሰላ ቆየ። ድርድሩ አጭር ነበር። ሆቴሉ በየሳምንቱ ሊከፍል፣ ሐጂ ወደ ቀድሞው ዋጋ ሊመለሱ፣ ሼፏም ከሌሎቹ ሆቴሎች ቀድማ ልትመርጥ ተስማሙ። ግማሽ ዋጋ የሚባለው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ «ይህ ወሬ ከግቢ እንዳይወጣ» አለች። ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ከድሬዳዋ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታስመጣልን ነጋዴ ነጠላዋን አስተካክላ ቢሮ ገባች። ከኢትዮጵያ በሚመጣው አትክልት ላይ ሐጂ ዓሣ ላይ ያላቸውን ያህል ሥልጣን አላት፤ ታውቀዋለችም።

«የዓሣው ሰውዬ በሳምንት ተከፈላቸው አሉ» አለች ሳትቀመጥ። «የእኔ ቲማቲም በረዶ ላይ የሚተኛ መሰላችሁ?»

እሷም አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይከፈላታል። የሽንኩርቱ ዋጋ ግን እስካሁን ንቅንቅ አላለም፤ ሥራ አስኪያጁ ድሬዳዋ ድረስ ልሂድ እያለ ነው።