7 ዋት በቃኝ (የዘጠኝ ወር የጊታር ልምምድና የአምፕ ፍለጋዬ)

ሰላም ናችሁ የጊታር ልጆች። ባለፈው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ገዛሁ ስላችሁ ስንት ነው፣ ምንድነው፣ ከየት ነው ብላችሁ አላስቀምጥ ስላላችሁኝ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው። አጭሩ መልስ 7 ዋት ናት። ረዥሙን መስማት የፈለገ ይቀጥል፣ መሃሉ ላይ ጭስ አለው።

የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ይኖር የነበረ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ስኳየር ስትራቱን (ኤሌክትሪክ ጊታር ነው) ሸጠልኝ፣ ጊታሩን ብቻ፣ ኬብል የለው አምፕ የለው። ሁለት ወር ሙሉ ሳልሰካው ነው የነካካሁት። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ካልተሰካ ያው ላስቲክ ወጥረህ እንደመምታት ነው፣ ቬንትሌተር ከተከፈተማ ጭራሽ አይሰማም፣ ድሬ ደግሞ ቬንትሌተር ሳይከፈት ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት የለም። እና ሳይታወቀኝ እጄ ከባድ ሆነ፣ ድምፅ ፍለጋ ክሩን እየደበደብኩት ነበር። ይሄን ያወቅኩት በጣም ቆይቶ ነው።

ህዳር ላይ ታይዋን ገበያ ወርጄ ትልቁን ጃክ ወደ ትንሹ የሚቀይር ኮንቨርተር ገዛሁና ቤት ካለችው ብሉቱዝ ስፒከር ጋር በኦክስ (በኬብል መሰኪያዋ) አገናኘሁት። ይሰማል፣ አይሰማም አልልም፣ ግን ድምፁ ትራስ አፉ ላይ የተጫነበት ሰው ነው ሚመስለው። ስፒከሯ የተበላሸች መስሎኝ ነበር፣ ነገሩ ሌላ ነው። የጊታር ፒካፕ (ከክሩ ስር ያለው ድምፅ ለቃሚ) ሚያወጣው ሲግናል ደካማ ነው፣ ሚገባበት ቦታ ሳይጫነው እንዲቀበለው ይፈልጋል፣ የጊታር አምፕ ኢንፑት ሬዚስታንሱ ብዙ ጊዜ 1 ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) አካባቢ የሆነው ለዚህ ነው፣ የኦክስ ቀዳዳ ግን ለስልክና ለቴፕ ስለተሰራ ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላዋል። በስፒከር ልለማመድ ያላችሁ ልጆች ኮንቨርተሩን አትግዙ፣ ብሩን አጠራቅሙት። ብሉቱዝ ኢርፎንስ ያለኝም አላችሁ፣ እሱ ደግሞ ክሩን ነክታችሁ ድምፁ ዘግይቶ ነው ሚመጣው፣ ሪትም ሚባል ነገር ያጠፋባችኋል።

አሁን ወደ ጭሱ። ታህሳስ ላይ አንድ ሰው ከአሜሪካ ዘመዱ ያመጣለት 15 ዋት አምፕ አለ ተባልኩ፣ 9 ሺ ብር፣ ሰውነቱ ንጹህ፣ ጨርቁ እንኳን አልተነካም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ታቅፌው ነው የገባሁት። ዲቫይደሩ ላይ ሰካሁ፣ አበራሁ፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል በህይወቴ ሰምቼ ማላውቀው ቆንጆ ድምፅ ሰጠኝ፣ ከዛ ኡኡኡም አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ነቀልኩት ግን በቃ፣ ሄዷል።

ከዚራ ሚባለው ሰፈር ኤሌክትሮኒክስ ሚጠግን ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። ገና ሳይከፍተው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አዙሮ ጀርባውን ማሳየት ነው። "ወንድሜ ይቺን አላነበብክም?" 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል። እኛ ጋ ሶኬቱ ላይ ያለው 220 ነው። ሲከፍተው ደግሞ ሌላ ጉድ፣ ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ ኖሮ አንዱ ብልጥ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎታል፣ ማለትም ቶሎ ተቃጥሎ ሊያድነኝ ይችል የነበረው ፊውዝ ፊውዝ አልነበረም። ትራንስፎርመሩ ተጠብሷል። ሌላ ትራንስፎርመር አስጠቅልለን እንሞክረው አለኝ፣ ዋጋውን ሲነግረኝ አመስግኜ ተሸክሜው ወጣሁ፣ እስካሁን አልጋ ስር ነው። ሻጩን አልወቅስም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ግን ከውጭ የመጣ እቃ ስትገዙ እባካችሁ ገና እጃችሁ ከመንካቱ በፊት ጀርባውን አዙሩ። 220 ወደ 110 ሚያወርድ ትራንስፎርመር አለ አዎ፣ ግን ከአምፑ ሚከብድ ብረት ለልምምድ መጎተት ምን ያረጋል።

ከዛ ጥርና የካቲት በተስፋ መቁረጥ አለፉ። መጋቢት ላይ ቸርች ሊድ ጊታር ሚጫወት ጓደኛዬ አዘነልኝና የነሱን 100 ዋት ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ። አቦ፣ ሁለት ሰው ነው ተሸክሞ ያስገባው። እኔ ደግሞ ዋት በበዛ ቁጥር ጥራት ሚበዛ ነበር ሚመስለኝ። ቮልዩሙን ከዜሮ ትንሽ ስታነሱት ምንም የለም፣ ትንሽ ስትጨምሩ ምንም የለም፣ ፀጉር ታህል ስትጨምሩ ግቢው በሙሉ ይነቃል። መሃል ሚባል ነገር የለውም። ሚጣፍጠው ድምፁ ደግሞ ከፍ ሲል ነው ሚመጣው፣ ያንን ከፍታ ደግሞ እኛ ግቢ አምስት ቤተሰብ ተጋርቶ በሚኖርበት ቦታ መቼም አላየውም።

የድሬን ነገር ለማታውቁ፣ እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ገደማ ከተማው ይዘጋል፣ ሙቀቱ ነው፣ ሱቁም ሰዉም ይተኛል ወይ በርጫ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ በሽፍት ስለሆነ ነፃ የምሆነው በትክክል ያኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አዴ በሩ ላይ ቆሙ። አልተቆጡም፣ ባይሆን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ክራር ምን በድሎህ ነው እንዲህ ምታስለቅሰው?" አሉኝ። እናቴ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። አምፑን በነጋታው መለስኩት።

ስለ ዋት ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ጆሯችን ሚሰማው ከዋቱ እኩል አይጨምርም፣ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ዋቱ አስር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ማለት 100 ዋት ከ10 ዋት ሚበልጠው በጆሮ ሁለት እጥፍ ያህል ነው እንጂ አስር እጥፍ አይደለም። በተመሳሳይ ሂሳብ 10 ዋትና 1 ዋት። ስለዚ ለመኝታ ቤት 3 ዋትም ይበዛል ቢባል ውሸት አይደለም። እንደውም ከዋቱ ይልቅ የስፒከሩን ስፋት እዩ፣ 3 ኢንች ላይ ወፍራሟ ክር እንደ ቆርቆሮ ነው ምትሰማው፣ 6 ኢንች ላይ ግን ሰው ትሆናለች።

ከአዴ በኋላ ፍላጎቴ ግልፅ ሆነ። የኢርፎን ቀዳዳ የሌለው አምፕ ከነጭራሹ አላይም፣ በባትሪ ካልሰራ አላይም (መብራቱ ሲያሰኘው ነው ሚኖረው)፣ እና ክሊን ድምፁ ንጹህ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እኔ መጫወት ምፈልገው ትዝታና ባቲ ነው፣ ዲስቶርሽን (ሻካራው የሮክ ድምፅ) ለኔ ትርፍ ነው። ኢፌክት መቶ ምናምን አለው ሲሏችሁ አትሸወዱ፣ ጀማሪ ሰው ሰዓቱን በሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ይጨርሰዋል፣ ከራሴ ነው ምነግራችሁ።

ድሬ ሱቆች ውስጥ ኪቦርድና የቸርች ትላልቅ ስፒከር እንጂ ትንሽ የጊታር አምፕ እንደልብ አይገኝም፣ ያየሁት በሰው በሰው ነው። ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ ነክቻለሁ፣ 10 ዋት፣ 6 ኢንች ስፒከር፣ የኢርፎን ቀዳዳ አለው፣ ለዋጋው ድምፁ ወንድ ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይሰራም። ብላክስታር ፍላይ 3 በጣም ትንሽዬ ናት፣ 3 ዋት፣ 3 ኢንች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ያልኳችሁ የቆርቆሮ ነገር ግን አለባት። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብን አንድ ልጅ ጋ ሰምቼ ቀናሁ፣ ሪቨርቡ (አዳራሽ ውስጥ ሚያስመስለው ማስተጋባት) ልብ ይሰርቃል፣ ልጁ ግን አልሸጥም አለ፣ ልክ ነው። በጣም ብር ለሌለው ደግሞ ቮክስ አምፕላግ ሚባል ጊታሩ ላይ ራሱ ሚሰካ ነገር አለ፣ ኢርፎን ብቻ ነው፣ ስፒከር የለውም፣ በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ይሰራል። ግቢያችሁ እንደኛ ከሆነ እሱ ራሱ ይበቃል።

እኔ የገዛሁት ቦስ ካታና ሚኒ ነው፣ ያገለገለ፣ 16 ሺ ብር፣ አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ አይቶ ሞክሮ በሰው ላከልኝ። ውድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ከውጭ ሚገባ እቃ ላይ ድሮ ሚባል ዋጋ የለም፣ ያኔ ባለ 9 ሺውን ባላቃጥለው ኖሮ ብዬ ስንቴ ራሴን ረግሜያለሁ። 7 ዋት፣ 4 ኢንች ስፒከር፣ ክሊን፣ ክራንችና ብራውን ሚባሉ ሦስት ድምፆች (ከንጹህ እስከ ሻካራ)፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ ሚደግም) አላት፣ ሪቨርብ የላትም። 6 የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ትበላለች። ኢርፎን ሲሰካ ስፒከሩ ይጠፋል፣ አዴ ይተኛሉ።

የመብራት አስማሚዋ (አዳፕተሩ) ከእቃው ጋር አብሮ አይመጣም፣ ለብቻው ነው ሚሸጠው፣ እና እዚህ ላይ ሁለተኛ አምፕ ላቃጥል ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ቤት ውስጥ የዋይፋይ ራውተር 9 ቮልት ቻርጀር ነበረ፣ ጫፉም ልክ ይገባል፣ ልሰካው ስል የከዚራው ሰውዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ጀርባውን አነበብኩ። የዚች ቦስ መሰኪያ ጫፍ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የራውተሩ ደግሞ መሃሉ ፖዘቲቭ። ቮልቱ እኩል ስለሆነ ብቻ አይሰካም ማለት ነው። ሁለቱም ላይ በክብና በነጥብ የተሳለች ትንሽ ስዕል አለች፣ እሷን አመሳስሉ። እኔ ቻርጅ ሚደረግ ድንጋይ ገዝቼ በዛው ቀረሁ።

ድንጋዩ ሌላ ጥቅም እንዳለው ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። የተዋስኩት 100 ዋት ሁሌ እምምም ሚል ድምፅ ነበረው፣ የቤታችን ሶኬት ኤርዝ የለውም፣ ስትራት ላይ ያለው ፒካፕ ደግሞ ባለ አንድ ጥቅል ስለሆነ ከአካባቢው ያለውን የመብራት ጩኸት ሁሉ ይለቅማል። በድንጋይ ሲሰራ ከግድግዳው ሚመጣው ቀረ። የቀረው ከቬንትሌተሩና ከስልክ ቻርጀሩ ነው፣ ፊቴን ወደ በሩ ሳዞር ይቀንሳል፣ ወላሂ፣ ሞክሩት፣ ጊታሩን ይዛችሁ ዙሩ። የኔ ጊታር ላይ ደግሞ የፒካፕ መምረጫውን 2ኛው ወይ 4ኛው ቦታ ሳደርገው ሁለት ፒካፕ አብረው ስለሚሰሩ እርስ በርስ ያጠፋፉትና ጭራሽ ዝም ይላል።

ልምምዱስ? መጀመሪያ ቀን ደነገጥኩ፣ እውነት። ለስድስት ወር ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አምፑ ሁሉንም ያሳብቃል፣ ጣቴ ከክር ክር ሲሄድ ሚያፏጨው፣ ሳልነካቸው ሚጮኹት ክሮች፣ ሁሉንም። ያ ደብዳቢ እጄ ክሊን ላይ እንደ መዶሻ ነው ሚሰማው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር ትቼ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 60 ላይ አድርጌ በቀኝ እጄ መዳፍ ሌሎቹን ክሮች ዝም ማሰኘት ብቻ ተለማመድኩ፣ አሰልቺ ነው፣ ግን አሁን 80 ላይ ሳይጮኽ እሄዳለሁ። ቮልዩሙን አምፑ ላይ ከፍ አድርጌ በእጄ ቀስ ብዬ መምታት ጀመርኩ፣ የግራ እጄ ድካም ራሱ ቀነሰ።

ለትዝታ ያገኘሁት አቀማመጥ ክሊን፣ ጌይን (ድምፁን ሚያሻክረው ቁልፍ) ዝቅ፣ ትሬብል ከግማሽ በታች፣ ዲሌዩ አጭርና በጣም ትንሽ፣ እንዳለ እንኳን ማይታወቅ፣ አንገት ጋ ያለው ፒካፕ። ትዝታ ሜጀር ያው ሲ ዲ ኢ ጂ ኤ ነው፣ ፈረንጅ ፔንታቶኒክ ሚለው ራሱ፣ ግን ኖታው አንድ ስለሆነ ትዝታ አይሆንም፣ ስትንሸራተትና ስታረፍድ ነው ሚሆነው። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ሄዶ ግቢው በሙሉ ውጭ ምንጣፍ አንጥፎ ቁጭ ብሎ እኔ በር ላይ ዝቅ አድርጌ ስነካካ አዴ "የአሊ ቢራን አትችልም?" አሉኝ። ድሬ ተቀምጦ አሊ ቢራን አልችልም ማለት ያሳፍራል፣ እየሰማሁ መልቀም ጀምሬያለሁ፣ መግቢያውን ይዣለሁ፣ ከዛ በኋላ ያለው እጄ ላይ ይጠፋል።

አሁን ያቃተኝ ነገር፣ ትዝታ ማይነር ላይ ሦስተኛዋን ክር ግማሽ ድምፅ ልስብ ስል ሁሌ አልፌ እሄዳለሁ፣ ያዘኝ ስል ኢርፎን ላይ ሰምቼ እሸማቀቃለሁ። ክሮቼ 9 ቁጥር ናቸው፣ 10 ባደርጋቸው ጠንከር ስለሚሉ ይቆጣጠሩልኛል ወይስ ችግሩ ጣቴ ነው? ምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በሉ ሄድኩ፣ 10 ሰዓት ሆኗል፣ አዴ ተነስተዋል፣ ኢርፎኑን መንቀል እችላለሁ።