የአያቴ ነፍጥና የልብስ ሳሙና

አያቴ ያረፉ ቀን አጎቴ ነፍጣቸውን ከግድግዳ አውርዶ ባሩድ ብቻ አጎረሰና ወደ ሰማይ ተኮሰ። በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ልቅሶ መተኮስ ወግ ነው። ማታ በላምባ ወለወልነው፤ ጨርቁን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ብረቱ አብረቀረቀልንና መልሰን ሰቀልነው።

ክረምት ገብቶ የኩታበር ጉም ቤት ድረስ ሲዘልቅ፣ አፈሙዙ ላይ ቀይ ዝገት እንደ በርበሬ ተበትኖ አገኘሁት። እማማ አይተው ዝም አላሉም። «አያትህኮ የተኮሱበትን ሳያጥቡ አያድሩም ነበር። በእንዶድ ውሃ ነው የሚያጥቡት። ላምባ ለኩራዝ ነው፣ ልጄ።»

ልክ ናቸው። ከባሩድ ሦስት አራተኛ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው ነው፤ የቀረው ከሰልና ድኝ። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ አይሆንም፤ ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ ከፊሉ ብረቱ ላይ ይጋገራል። የተጋገረውም በአብዛኛው ጨው ነው። አሞሌ በክረምት ሲያልበው ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጨዉን የሚያሟሟው ውሃ ነው፤ ላምባ ላዩን አልፎት ይሄዳል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች እንዲህ ያለውን በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዘው ነው ከኋላው የሚጎርሰውን፣ ስናይደር የሚባለውን የእንግሊዝ ጠመንጃ የገጠሙት። በተኮሱ ቁጥር ዝቃጩ ቧንቧውን ያጠብበዋል፣ ማጉረሱም እየከበደ ይሄዳል። ያን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የአያቴን ነፍጥ ላጥብ ስነሳ ከሁሉ በፊት አለመጉረሱን አረጋገጥኩ። ቀጭን ዘንግ እስከ ታች ከትቼ አፉ ጋ በከሰል ምልክት አደረግሁ፤ አውጥቼ በውጭ በኩል ቧንቧው ላይ አስተኛሁት። ጫፉ እሳት የምትገባበት ቀዳዳ አጠገብ ደረሰ፤ ባዶ ነው ማለት ነው። አጥሮ ቢቀር ኖሮ እጄን አነሳ ነበር። ባሩድ ከደረቀ መቶ ዓመትም ቢቆይ አይሞትም፤ ያኔ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው።

ቀዳዳዋን በወይራ ስንጣሪ ደፈንኩና ለብ ያለ ውሃ የልብስ ሳሙና በጥብጬበት አፈሰስኩ። ሰደፉን በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ፣ እንጨቱ ውሃ አይወድም። ስገለብጠው እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። ሦስቴ ደጋገምኩ። ከዚያ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በዘንጉ ጫፍ አስሬ፣ ጨርቁ ደረቅና ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወልኩ። ወዲያው የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት፤ የታጠበ ብረት ባዶውን ከቆየ እዚያው ይዝጋል።

በረኪና አታስጠጉ፣ ብረት ይበላል። ጎረቤታችን የአባቱን ነፍጥ በአሸዋ ፈትጎ የተቀረጸውን ጽሑፍ አጠፋው፤ ያ አይመለስም። ቡናማው ቀለም ዕድሜው ነው፣ ተዉት።

አሁን በየክረምቱ አውርጄ ዘይት እቀባዋለሁ። ያ ዝገት የበላው ቦታ ግን ቀርቷል። ዘንጉ እዚያ ሲደርስ ይንገጫገጫል፤ እጄ ላይ ይሰማኛል።