«ፓስ አውት» እና «ፓስ አዌይ»፦ ትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እንደያዝኳቸው

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። አብዛኞቻችን አገር ቤት ሳለን ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ስለተማርን የሕክምና መጽሐፍ አያስደነግጠንም። የሚከብደን ተረኞች ሥራ ሲረካከቡ የሚነገረው ተራ ንግግር ነው። መጽሐፉ «ቮሚት» (ማስመለስ) የሚለውን ነርሷ «ስሮው አፕ» ትለዋለች፤ መጽሐፉ «ፌይንት» ያለውን «ፓስ አውት» ትለዋለች። «ፓስ አዌይ» የሚል ደግሞ አለ። የፊተኛው ራሱን ሳተ፣ የኋለኛው አረፈ ማለት ነው። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ ሕይወትንና ሞትን የሚለየው ከኋላው የተከተለው ትንሽ ቃል ነው።

እንዲህ ያሉትን ጥምር ግሶች ብዙ መጻሕፍት የሚደረድሯቸው በግሱ የፊደል ተራ ነው፤ «ጌት» ከሚለው ሥር አንድ ሙሉ ገጽ፣ «ቴክ» ከሚለው ሥር ሌላ ሙሉ ገጽ። እኔ ደብተሬን የከፋፈልኩት በግሱ ሳይሆን በትንሹ ቃል ነው። ለ«አውት» አንድ ገጽ፣ ለ«ኦፍ» አንድ ገጽ፣ ለ«አፕ»፣ ለ«ዳውን» እና ለ«ኦን» እንዲሁ። በሥራ ላይ የሰማሁትን፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ በየገጹ እጽፋለሁ። ገጹ እየሞላ ሲሄድ የቃሉ ጠባይ ይገለጣል። ከ«አውት» ሥር «ፓስ አውት»፣ «ረን አውት» (ጓንቱ አለቀ) እና «ዎርን አውት» (ዝሎ ደከመ) ተሰበሰቡ፤ ሦስቱም የማለቅና የመጥፋት ናቸው። እዚያው ገጽ ላይ «ፋይንድ አውት» (አወቀ)፣ «ፊገር አውት» (አስቦ ደረሰበት) እና ስለ ሽፍታ የሚነገረው «ብሬክ አውት» ለብቻቸው ቤተሰብ ሠሩ፤ እነዚህ ደግሞ የተሰወረ ነገር ወደ ውጭ የሚወጣባቸው ናቸው። የ«ኦፍ» ገጽ ከሁሉም የጠራ ሆነልኝ፦ ልብስ ሲወልቅ «ቴክ ኦፍ»፣ ፋሻ ሲላቀቅ «ካም ኦፍ»፣ የማስታገሻው ኃይል ሲያልቅ «ዌር ኦፍ»። ሁሉም ከነበረበት መለየት ነው። ከየትኛውም ወገን የማይገቡ አሉ፤ ተስፋ መቁረጥን የሚናገረው «ጊቭ አፕ» ከእነዚህ አንዱ ነው። እነሱን በቃል መያዝ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ሲታዩ እኔ ከፈራሁት እጅግ ያነሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳኝ ግን የገዛ አማርኛዬ ነው። አንድ ቀን የአልጋ ራስጌ ከፍ እያደረግኩ ሳለ ቋንቋችን ይህንኑ ነገር ዘወትር እንደሚሠራ አስተዋልኩ። ቁጭ አለ፣ ቀና አለ፣ ጋደም አለ፣ ዝም አለ፣ ረጋ አለ እንላለን። «አለ» እዚህ ምንም የመናገር ትርጉም የለውም፤ ማን እንዳደረገውና መቼ እንዳደረገው ብቻ ይሸከማል። ትርጉሙን የያዘው «ቀና» ወይም «ጋደም» የሚለው ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርጋል፤ «ሲት አፕ» ቀና አለ፣ «ላይ ዳውን» ጋደም አለ፣ «ተርን ኦቨር» ገልበጥ አለ፣ «ካልም ዳውን» ረጋ አለ። ልዩነቱ የእኛ ቃል ከግሱ ይቀድማል፣ የእነሱ ይከተላል። ይህ ከገባኝ በኋላ ጆሮዬ ዋናውን ነገር ግሱ ላይ መጠበቁን ትቶ እስከ ኋለኛው ቃል መታገሥ ለመደ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር በማንም የሰዋስው መምህር ሲነገር አለመስማቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የከበደው እኛን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በመግቢያው ላይ ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እያስከተሉ ትርጉሙን መለወጥ መሆኑን ጽፏል። (ስለ ሐበሻ ልዑል የሚተርክ ልብ ወለድ የደረሰውም እሱው ነው።) ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛና ላቲን የፍርድ ቤትና የትምህርት ቋንቋ ሆነው ስለቆዩ፣ የመጽሐፉ ቃላት በብዛት ከዚያ ወገን መጡ፤ የቤትና የጓዳው ንግግር በአሮጌዎቹ አጫጭር ግሶች ቀጠለ። እኛ በትምህርት ቤት የተቀበልነው የመጀመሪያውን ነበር።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ መጣ። ጫማ ማውለቅን «ቴክ ኦፍ ሂዝ ሹዝ» ወይም «ቴክ ሂዝ ሹዝ ኦፍ» ማለት ይቻላል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሀል መግባት ግድ ነው፤ «ቴክ ዜም ኦፍ» እንጂ «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። በአንጻሩ «ሉክ አት ሂም» ፈጽሞ አይከፈልም፤ «አት» እዚህ መስተዋድድ ነውና ስሙን ከኋላው ይፈልጋል። ሁለቱን የምለያቸው በሕግ ሳይሆን በድምፅ ነው። የሚከፈለው ትንሽ ቃል ጠበቅ ብሎ ይነገራል፦ «ቴክ ዜም ኦፍ» ሲባል ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው «ኦፍ» ነው። መስተዋድዱ ግን ተውጦ ያልፋል፤ በ«ሉክ አት»፣ በ«ዌይት ፎር» እና በ«ሊስን ቱ» ውስጥ ከባዱ ድምፅ ግሱ ላይ ያርፋል። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ በለሆሳስ ስደጋግማቸው የነበረው ለዚህ ነው። ቃሉን ከነምቱ ያልያዘ ሰው ከሌላ አንደበት ሲወጣ አይለየውም።

ሦስት ቃላት ሲገጣጠሙ ብዙዎች ይሸሻሉ፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። «ረን አውት ኦቭ ግላቭስ» (ጓንት ጨረሰ)፣ «ካም ዳውን ዊዝ ፍሉ» (ኢንፍሉዌንዛ ያዘው)፣ «ከት ዳውን ኦን ሶልት» (ጨው ቀነሰ)። ሁለተኛው ቃል ግሱን ያሟላል፤ ሦስተኛው መስተዋድድ ሆኖ ስሙን ይቀበላል። ስለዚህ ስሙ ሲቀር ሦስተኛውም ይቀራል፤ «ዊ ራን አውት» ብሎ ማቆም ይቻላል፣ «ዊ ራን አውት ኦቭ» ብሎ ማቆም ግን አይቻልም።

«ኦን» ግን ሌላም ሙያ አለው፤ እሱን ሳገኝ እጅግ ደስ አለኝ። ስልክ ዘጋችብኝ ለማለት «ሺ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» ይላሉ፤ መኪናው ቆመብኝ ለማለት «ዘ ካር ዳይድ ኦን ሚ»፤ ታማሚው ራሱን ሳተብኝ ለማለት «ሂ ፓስድ አውት ኦን ሚ»። ይህ «ኦን ሚ» የእኛው «ብኝ» ነው፤ በመጽሐፍ የምናጠናው «ላይ» የሚለው ትርጉም አያስፈልገውም። በጎ ሲሆን «ፎር ሚ» ይመጣል፦ በር ከፈተችልኝ፣ «ሺ ኦፕንድ ዘ ዶር ፎር ሚ»። ዘጋችብኝንና ከፈተችልኝን የሚለይ ቋንቋ ላደገበት ሰው ይህ በአንድ ቀን የሚያዝ ነው።

የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል የያዝኩት ከኋላ በመነሳት ነው። «ትናንት ማታ ሽማግሌውን በመኪና ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው» ስል ጊዜው ይቀድማል፣ ግሱ ይዘጋል። በእንግሊዝኛው «ዊ ቱክ ሂም ቱ ዘ ሆስፒታል ባይ ካር ላስት ናይት» ይሆናል፤ ግስ፣ ቦታ፣ መጓጓዣ፣ ጊዜ። ሪፖርት ስሰጥ አሁንም ግሱን ቀድሜ አወጣለሁ፤ የቀረው ተራውን ይዞ ይከተላል።

መዝገብ ላይ ስጽፍ የመጽሐፉን ቃል እመርጣለሁ፤ «ቮሚትድ» አጭርና ግልጽ ነው። በአፍ ግን የአረጋውያኑን ቋንቋ እናገራለሁ፣ ከሁሉ በላይም እሰማለሁ። አንዲት እናት «አይ ካንት ኪፕ ኤኒቲንግ ዳውን» ስትል፣ የበላሁት ሁሉ አይረጋልኝም ማለቷ ነው። ያን ጊዜ የቀመሰችውን፣ የጠጣችውንና ሰዓቱን ይዤ ወዲያውኑ ወደ ነርሷ እሄዳለሁ።